ለሥጋ ዶሮ መኖ የአሚኖ አሲድ ስሌት፦ በጅማ በቆሎና አኩሪ አተር ከዒላማ እስከ ድብልቅ

ጅማና አካባቢዋ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው መኖ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፕሮቲኑ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አያደርስም። ጫጩቷ ሥጋና ላባ የምትሠራው ፕሮቲኑ አንጀት ውስጥ ሲፈጭ ከሚወጡት አሚኖ አሲዶች ነው። መኖው 22 በመቶ ፕሮቲን ይዞ ሜቲዮኒን ቢያጥረው እድገቷ በሜቲዮኒኑ ልክ ይቆማል። ሌላው አሚኖ አሲድ ወደ ዩሪክ አሲድ ተቀይሮ በኩስ ይወጣል፤ ጉዝጓዙን ያረጥባል፣ ቤቱን በአሞኒያ ያፍናል። ገንዘቡም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

የላብራቶሪው የፕሮቲን ቁጥርም ራሱ በተዘዋዋሪ የሚገኝ ነው። የሚለካው ናይትሮጅን ሲሆን በ6.25 ተባዝቶ ፕሮቲን ይባላል። 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው የማዳበሪያ ዩሪያ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የቅባት እህል) ውስጥ 1 ኪሎ በኩንታል ቢደባለቅ ፕሮቲኑን በወረቀት ላይ ከ2 ነጥብ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ለዶሮዋ ግን አንዲት ግራም አሚኖ አሲድ አይጨምርም።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ላሉ ፈጥነው ለሚያድጉ የሥጋ ዝርያዎች ነው። እንደ ሳሶ ያሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዶሮዎች የሚያስፈልጋቸው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለእነሱ የዚህን መኖ ወጪ ማውጣት ትርፍ የለውም።

የትኞቹን አሚኖ አሲዶች እንቁጠር?

ዶሮ ራሷ መሥራት የማትችላቸው፣ ወይም በበቂ ፍጥነት የማትሠራቸው ከአሥር ያላነሱ አሚኖ አሲዶች አሉ። ሁሉንም ማስላት አያስፈልግም። መኖው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ከሆነ የሚያጥሩበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ሜቲዮኒን (ከሲስቲን ጋር)፣ ቀጥሎ ላይሲን፣ ሦስተኛ ትሪዮኒን፣ ከዚያ ቫሊን። ሦስቱ ከተሟሉና ቫሊንና አርጂኒን ከተፈተሹ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን ይችላሉ።

ሜቲዮኒንና ሲስቲን አብረው የሚቆጠሩት ዶሮዋ ሜቲዮኒንን ወደ ሲስቲን መቀየር ስለምትችል ነው። ሲስቲንን ወደ ሜቲዮኒን መመለስ ግን አትችልም። ስለዚህ ጉድለቱ የሚሞላው በሜቲዮኒን ነው።

ዒላማው ስንት ይሁን?

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሠንጠረዥ ዛሬም ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። እስከ 3 ሳምንት ላይሲን 1.10፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን 0.90፣ ትሪዮኒን 0.80 በመቶ ይላል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ደግሞ 1.00፣ 0.72 እና 0.74። ቁጥሮቹ የዚያን ዘመን ዶሮ የሚመለከቱ ስለሆኑ ወለል ናቸው። የዛሬዎቹ የዝርያ ኩባንያዎች መመሪያ ከፍ ያለ ነው፤ የሮስ 308 የ2014ቱ ሠንጠረዥ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሆድ ውስጥ የሚፈጭ ላይሲን 1.28 በመቶ ይጠይቃል። ያ ቁጥር ሙቀቱ፣ ውኃውና ክትባቱ ሁሉ በተሟላበት ቤት ትርፍ ያስገኛል። ባልተሟላበት ቤት ግን ውድ ኩስ ነው።

ስለዚህ ለአነስተኛ አርቢ መሐል ላይ መቆም ይሻላል። በእኛ ግምት የሚፈጭ ላይሲን ለስታርተር (እስከ 14 ቀን) 1.20፣ ለግሮወር (ከ15 እስከ 28 ቀን) 1.08፣ ለፊኒሸር (ከዚያ እስከ መሸጫ) 0.98 በመቶ ይበቃል። ሌሎቹ ከላይሲኑ በምጥጥን ይወጣሉ። ላይሲን 100 ሲባል ሜቲዮኒንና ሲስቲን 75፣ ትሪዮኒን 66፣ ቫሊን 76፣ አርጂኒን 105፣ ትሪፕቶፋን 16 ይሆናሉ። ላይሲን መለኪያ የሆነው ከሞላ ጎደል ለሥጋ ግንባታ ብቻ ስለሚውልና ለመለካትም ስለማያስቸግር ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅም ዒላማውን ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ሲፈልጉ አንዱን ቁጥር ብቻ ቀይረው ሌሎቹን እንዲከተሉት ማድረግ መቻልዎ ነው።

ለስታርተር እንግዲህ ላይሲን 1.20፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን 0.90፣ ትሪዮኒን 0.79፣ ቫሊን 0.91፣ አርጂኒን 1.26 በመቶ ይዘን እንነሳለን።

«የሚፈጭ» የምንለው ከጠቅላላው ውስጥ አንጀት በትክክል የሚወስደውን ክፍል ነው። የመኖ ከረጢት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ጠቅላላው ነው፤ ከሚፈጨው ከአሥር በመቶ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን ቀላቅሎ ማስላት የተለመደ ስህተት ነው።

ጥሬ ዕቃ መምረጥ

በቆሎ፦ ከርሳ፣ ኦሞ ናዳ፣ ሰኮሩ፣ ጢሮ አፈታ የሚመረተው በቆሎ ለዚህ ሥራ ደህና ነው፤ የሚያሳስበው እርጥበቱ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የተሰበሰበ በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ገበያ ሊወጣ ይችላል። ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው በቆሎ ሲከማች ይሻግታል፤ የሻጋታው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ ጉበቷ የተጎዳ ዶሮ ደግሞ የተመጣጠነ አሚኖ አሲድ ቢሰጣትም አትጠቀምበትም። መለኪያ ከሌለ በጨው ይፈትኑ፦ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በበቆሎ ይሙሉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በምጣድ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው ለሁለት ደቂቃ ደጋግመው ይናጡ፣ ከዚያ ያሳርፉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ካልተለጠፈ ከ15 በታች መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርዎት፤ ለወር የሚቀመጥ ከሆነ ይጨምሩና ያድርቁት።

በስሌቱ በቆሎ 8 በመቶ ፕሮቲን፣ የሚፈጭ ላይሲን 0.22፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን 0.31፣ ትሪዮኒን 0.24 በመቶ ይያዝለታል። እንደ ቢኤችኪውፒዋይ 545 ያለ ፕሮቲኑ የተሻሻለ በቆሎ ካገኙ ላይሲኑ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ፍሬው ከሌላ ዝርያ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ እንደ ተራ በቆሎ ቢቆጥሩት ይሻላል።

አኩሪ አተር፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ የወጣለት ፋጉሎ (44 በመቶ ፕሮቲን) የሚፈጭ ላይሲን 2.40፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን 1.08፣ ትሪዮኒን 1.45 በመቶ ይሰጣል። ሙሉ ዘይቱን የያዘ የተቆላ አኩሪ አተር (37 በመቶ ገደማ ፕሮቲን) ላይሲን 1.90፣ ሜቲዮኒንና ሲስቲን 0.85፣ ትሪዮኒን 1.14 ይሰጣል። የተቆላው በአሚኖ አሲድ ቢያንስም ዘይቱ ኃይል ይጨምራል፤ የምግብ ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥሬ አኩሪ አተር ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለው። ያልበሰለ ከበሉ ጫጩቶቹ ቆሽታቸው ያብጣል፣ ኩሳቸው ይለጠፋል፣ እድገታቸው ይቀጭጫል። ከመጠን በላይ ሲቆላ ደግሞ ላይሲኑ ከስኳሩ ጋር ይጣበቅና አንጀት የማይፈታው ይሆናል። ላብራቶሪ ጠቅላላ ፕሮቲኑን ሲለካ ምንም አልቀነሰም፤ የሚፈጨው ላይሲን ግን ሄዷል። ቡና ለመቁላት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አኩሪ አተር የቡና ቀለም ላይ ከደረሰ አልፎበታል። ምጣዱን በጥቂት በጥቂቱ እየሞሉ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቁሉት። ፍሬው ውስጡ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሲደርስ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ወርቃማ ቢጫ ይሆናል፣ ሲታኘክ የጥሬ ባቄላ ጣዕም አይኖረውም። እዚያ ላይ ወዲያው አውርደው ያስጡት፤ ክምር ላይ ከተዉት በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ሌላው አማራጭ ከፈላ በኋላ ለ30 ደቂቃ መቀቀል ነው። ከመቁላት ይልቅ እኩል ያበስለዋል፤ ግን በክረምት ማድረቂያ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ይሞክሩት።

መብሰሉን በዩሪያ መፈተን ይቻላል። ጥሬ አኩሪ አተር ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ኢንዛይም አለው፤ ይህ ኢንዛይምና ትሪፕሲን አጋጁ በሙቀት የሚሞቱበት ልክ ተቀራራቢ ነው። ሁለት ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ያዘጋጁ። በአንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የደቀቀ አኩሪ አተር፣ በሌላው ያንኑ ያህል ጥሬውን አድቅቀው ያድርጉ። በየጠርሙሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማዳበሪያ ዩሪያና አምስት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ይጨምሩ። ውኃው እጅ የሚችለው ይሁን፤ የፈላ ውኃ ኢንዛይሙን ራሱን ገድሎ ፈተናውን ያበላሻል። ከድነው ለ30 ደቂቃ ሞቅ ያለ ቦታ ያቆዩ። ጥሬው ሲከፈት አፍንጫ የሚያቃጥል አሞኒያ ይመጣል፤ ያ ነው ማነጻጸሪያው። የተቆላው ከእሱ ያላነሰ ከሸተተ ጥሬ ነው፤ በጣም ትንሽ ከሸተተ ደህና ነው። ምንም ካልሸተተ በስሏል ማለት ነው፤ አልፎበት እንደሆነ ግን ፈተናው አይናገርም፣ ለዚያ ቀለሙን ይመልከቱ። የጠርሙሱን ውስጥ ጥልቅ ቦታ ይድፉት፤ ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ።

ፈተናው ተገልብጦም ይሠራል። የገዙት ፋጉሎ በዩሪያ ተበርዞ እንደሆነ ከጠረጠሩ ፋጉሎውን ከጥቂት ጥሬ አኩሪ አተር ዱቄትና ከለብ ያለ ውኃ ጋር ከድነው ያቆዩት። ዩሪያ ሳይጨምሩበት ከሸተተ ዩሪያው ውስጡ ነበር።

የኑግ ፋጉሎ፦ ርካሽና በየዘይት መጭመቂያው የሚገኝ ስለሆነ ያጓጓል። ፕሮቲኑ ከ30 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ላይሲኑ ግን ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ግማሽ ገደማ ነው፣ አሰሩም ብዙ ነው። በስታርተር ባይገባ ይመረጣል፤ በፊኒሸር እስከ 5 ኪሎ በኩንታል ይታገሱታል። አምስት ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ በኑግ ሲተኩ 60 ግራም ያህል የሚፈጭ ላይሲን ስለሚጎድል 75 ግራም የላይሲን ዱቄት ይጨመራል። ይህን ሳይጨምሩ «ፕሮቲኑ ያው ነው» ብሎ መተካት ነው ብዙ ሰው የሚከስርበት። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ውስጥ ያለው ጎሲፖልም ላይሲንን ስለሚይዝ ለጫጩት አይመከርም። የቡና ገለፈት በየቦታው ተከምሮ ቢታይም ካፌይንና ታኒን ስላለው ከመኖ ይራቅ።

ፉርሽካ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ለሥጋ ዶሮ አይሆንም፤ ከገባም በፊኒሸር በጥቂቱ ይሁን።

አንድ ኩንታል ስታርተር ማስላት

ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሥራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጥሬ ዕቃውን ይመድቡ፣ ከዚያ ያለውን አሚኖ አሲድ ይደምሩ፣ ከዒላማው ይቀንሱ፣ ጉድለቱን በዱቄት ይሙሉ።

ለ100 ኪሎ የመረጥነው ምደባ፦

በቆሎ 51.1 ኪሎ
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 28 ኪሎ
የተቆላ አኩሪ አተር 15 ኪሎ
የምግብ ዘይት 1.5 ኪሎ
ዲሲፒ (የካልሲየምና የፎስፈረስ ማዕድን ዱቄት) 1.8 ኪሎ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.2 ኪሎ
የብሮይለር ፕሪሚክስ (ለሥጋ ዶሮ የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) 0.5 ኪሎ (ከረጢቱ ሌላ ካላዘዘ)
ጨው 320 ግራም
ዲኤል-ሜቲዮኒን 315 ግራም
ኤል-ላይሲን ኤችሲኤል 170 ግራም
ኤል-ትሪዮኒን 95 ግራም

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከየት እንደመጡ እነሆ። ላይሲን፦ ከበቆሎ 51.1 በ0.22 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 0.112፤ ከፋጉሎ 28 በ2.40፣ 0.672፤ ከተቆላው 15 በ1.90፣ 0.285። ድምሩ 1.069 ነው። ከ1.20 ሲቀነስ 0.131 ኪሎ፣ ማለትም 131 ግራም ይጎድላል። የላይሲን ኤችሲኤል ዱቄት ውስጥ ያለው ንጹሕ ላይሲን 78 በመቶ ስለሆነ 131ን ለ0.78 ሲያካፍሉ 168፣ ተጠጋግቶ 170 ግራም ይሆናል።

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ከረጢቱ ላይ 98.5 በመቶ የሚል ይጻፋል፤ እሱ የሙሉ ውሕዱ (የላይሲን ኤችሲኤሉ) ንጽሕና ነው፣ ውስጡ ያለው የላይሲን መጠን አይደለም። ለ0.985 የሚያካፍል ሰው አንድ አምስተኛ ያህል አጉድሎ ይደባልቃል። ላይሲን ሰልፌት የሚባለው ቡናማ ጥራጥሬ ደግሞ 70 በመቶ ተብሎ ይሸጣል፤ ውስጡ ያለው ላይሲን ግን 55 በመቶ ገደማ ነው። ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ተፈቶ ከተሸጠ መለያው ያለበትን ከረጢት አይተው ይውሰዱ።

ሜቲዮኒንና ሲስቲን፦ በቆሎ 0.158፣ ፋጉሎ 0.302፣ የተቆላው 0.128፣ ድምር 0.588። ከ0.90 የሚጎድለው 312 ግራም ነው፤ ዱቄቱ 99 በመቶ ንጹሕ ስለሆነ 315 ግራም።

ትሪዮኒን፦ 0.123፣ 0.406 እና 0.171፣ ድምር 0.700። የሚጎድለው 90 ግራም፤ ለ0.985 ሲካፈል 91፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 95 ግራም።

ቫሊን የተለየ ዱቄት ካልተገኘ ከጥሬ ዕቃው ብቻ መምጣት አለበት። በዚህ ምደባ 0.90 አካባቢ ይወጣል፤ ከ0.91 ዒላማው ጋር ይቀራረባል። አርጂኒኑ ከበቂ በላይ ነው። «ላይሲን በዱቄት ይሞላልና አኩሪ አተሩን ወደ 20 ኪሎ እንቀንስ» የሚለው ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ላይሲኑ ይሞላል፣ ቫሊኑና አርጂኒኑ ግን ይወርዳሉ፣ ዶሮዋም በእነሱ ልክ ትቆማለች።

ዘይቱ ካልተገኘ 1.5 ኪሎውን በበቆሎ ይተኩት። የመኖው ኃይል ከ3000 ወደ 2900 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይወርዳል፤ 3 በመቶ ያህል ነው። ዶሮ ኃይሏን ለመሙላት ትንሽ ጨምራ ስለምትበላ ዒላማዎቹም በዚያው ልክ ሊወርዱ ይችላሉ፤ ላይሲን 1.17 ይበቃል።

ሜቲዮኒን ዱቄት ካልተገኘስ? እውነቱን ለመናገር ከጥሬ ዕቃ ብቻ ዒላማው ላይ አይደረስም። ከ0.59 ወደ 0.90 ለማድረስ አኩሪ አተር መጨመር ፕሮቲኑን ሰማይ ሰቅሎ ኩሱን ያረጥባል እንጂ አያዳርስም። የዓሣ ዱቄት እንኳ (60 በመቶ ፕሮቲን ያለው) በ5 ኪሎ ፋጉሎ ቢተካ የሚጨምረው 0.05 እንኳ አይሞላም። ከግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ የሚገኝ የዓሣ ተረፈ ምርት ደግሞ አጥንቱ ስለሚበዛ ከዚያም ያንሳል፤ በደንብ ካልተቀቀለም በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ዱቄት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሜቲዮኒኑን ይግዙ።

ዝግጁ ኮንሰንትሬት (ከእህል ጋር የሚደባለቅ የፋብሪካ ማሟያ) የሚጠቀም ሰው ይህን ሁሉ አይጨምርም፤ አሚኖ አሲዱ ከረጢቱ ውስጥ አለ። የሱ ኃላፊነት በታዘዘው መጠን መደባለቅ ነው። 30 ኪሎ በኩንታል የሚለውን 20 አድርጎ «ለማብቃቃት» መሞከር ሁሉንም አሚኖ አሲድ በአንድ ጊዜ ያጎድላል።

መመዘንና መደባለቅ

በቆሎውንና አኩሪ አተሩን በመዶሻ ወፍጮ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያስፈጩ። እንደ እንጀራ ዱቄት ከደቀቀ ምንቃር ላይ ይጋገራል፣ ውኃ ዕቃውን ያቆሽሻል። የተቆላ አኩሪ አተር ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ስለሚበላሽ የሳምንቱን ብቻ ያስፈጩ።

አሚኖ አሲዶቹ በማንኪያ ወይም በእፍኝ አይለኩም። እስከ 1 ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ሌላው የቁጥር ወጥመድ ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙ ቀመሮች ለቶን ይጻፋሉ። 3.15 ኪሎ በቶን ማለት 315 ግራም በኩንታል ነው። የቶኑን ቁጥር ኩንታል ላይ ማድረግ ሜቲዮኒኑን አሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ሲበዛ ፈጥኖ የሚጎዳው ሜቲዮኒን ነው፣ ዶሮዎቹ መብላት ያቆማሉ።

580 ግራም አሚኖ አሲድ 100 ኪሎ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢረጭ አንዱ ጫጩት ብዙ፣ ሌላው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። በደረጃ ይበትኑት። ሦስቱን ዱቄቶች፣ ፕሪሚክሱንና ጨውን በአንድ ባልዲ ከ2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር ያዋህዱ። ያንን ከ10 ኪሎ በቆሎ ጋር፣ ያንን ደግሞ ከዲሲፒና ከኖራ ድንጋዩ ጋር። ከዚያ ወደ ዋናው ክምር ይግባ። በአካፋ ከሆነ ንጹሕ ሲሚንቶ ወለል ወይም ሸራ ላይ ክምሩን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ቢያንስ ስምንት ጊዜ ያዘዋውሩ፤ በየዙሩ ከሥር እየዛቁ ጫፉ ላይ ያፍሱ። በበርሜል ማደባለቂያ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ዘይቱ መጨረሻ ላይ በጥቂት በቆሎ ተለውሶ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቶቹን ያጓጉላል።

እስከ 14 ቀን አንድ ጫጩት ግማሽ ኪሎ ገደማ ትበላለች፤ አንድ ኩንታል ስታርተር ለ200 ጫጩት ይሆናል። በክረምት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ መኖ አይደባልቁ፤ ከረጢቱም መሬት ሳይነካ፣ ከግድግዳ ርቆ እንጨት ላይ ይቀመጥ።

ግሮወርና ፊኒሸር

ስሌቱ ያው ስለሆነ ውጤቱን ብቻ እንስጥ። ለግሮወር በቆሎ 57.4፣ ፋጉሎ 22፣ የተቆላ 15 ኪሎ፤ ላይሲን 180፣ ሜቲዮኒን 270፣ ትሪዮኒን 85 ግራም። ለፊኒሸር በቆሎ 62.4፣ ፋጉሎ 17.5፣ የተቆላ 15 ኪሎ፤ ላይሲን 180፣ ሜቲዮኒን 235፣ ትሪዮኒን 80 ግራም። የቀረውን ዘይቱ፣ ማዕድኑ፣ ጨውና ፕሪሚክሱ ይሞሉታል፤ ዲሲፒውና የኖራ ድንጋዩ በየደረጃው ጥቂት ይቀንሳሉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ሦስት ቀን እያቀላቀሉ ይስጡ። መኖ ለመቆጠብ ከፈለጉ ስታርተሩ ላይ አይቆጥቡ፤ ጫጩቷ በዚያ ጊዜ የምትበላው ጥቂት ነው፣ የምታጣው እድገት ግን በኋላ አይመለስም። የሚቆጠበው ፊኒሸሩ ላይ ነው፤ ከጠቅላላው መኖ ትልቁ ድርሻ እሱ ነው።

የማይሄድ ነገር ሲኖር

በ7ኛው ቀን ጫጩቷ ስትገባ ከነበራት ክብደት 4 እጥፍ መድረስ አለባት፤ በ42 ግራም የገባች ወደ 170 ግራም። ከመቶ ሃያውን አንድ በአንድ ይመዝኑ። በቅርጫት ሰብስቦ መዝኖ ማካፈል አማካዩን ቢሰጥም መበላለጡን ይደብቃል፤ የሚፈለገው ደግሞ መበላለጡ ነው። ጥቂቶች ጥሩ አድገው ሌሎች ከቀሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድብልቅ አለመዋሐድ ወይም የመመገቢያ ማነስ ነው። ሁሉም እኩል ከቀጨጩ ቀመሩን፣ አኩሪ አተሩን ወይም ሙቀቱን ይመርምሩ። ጅማ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የበረዳት ጫጩት የምትበላውን ለሙቀት ስለምታቃጥለው አሚኖ አሲድ የጎደላት ትመስላለች።

ላባቸው ሳስቶ፣ ተሰባብሮ፣ እርስ በርስ ላባ እየነቀሉ ሲበሉ ሜቲዮኒን ይጠርጠር። ደረታቸው ሳይሞላ ሆዳቸው ስብ ከሆነ የላይሲን ጉድለት አለ፤ የተቃጠለ አኩሪ አተር ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በዚህ ነው። ኩሱ የሚለጠፍ ከሆነ አኩሪ አተሩ ጥሬ ሊሆን ይችላል፤ ደም ከታየበት ግን ኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ) ሊሆን ይችላልና ቀመር ከመነካካት በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ጉዝጓዙ የሚረጥበው ውኃ ዕቃው ሳያንጠባጥብ ከሆነ ፕሮቲኑ ወይም ጨው በዝቷል።

ማስተካከያ ሲያደርጉ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከዚያ እነዚያኑ ሃያ ጫጩቶች ክንፋቸውን ወይም እግራቸውን በቀለም ምልክት አድርገው ከሳምንት በኋላ ይመዝኑ። ክብደት በሳምንት ውስጥ ምላሽ ያሳያል። ላባ ግን የተነቀለው እስኪበቅል ስለሚዘገይ በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለው ሜቲዮኒኑን እንደገና አይጨምሩ።